ብሩሹን እፍ አልኩት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ድምፄ ዝቅ ካለባችሁ ልጆቹ ተኝተው ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ነው። ቧንቧውን ከፍቼ፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ ውሃ እየጠበቅኩ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የዛሬው ሌሊት የእኛ ተራ ነው። ጠረጴዛው ላይ 34 የቆሸሹ የሜካፕ ብሩሾች ተደርድረዋል። ሰርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽራዋ፣ አራት ሚዜዎች፣ እናቷና አክስቷ። ሰባት ፊት ማለት ነው።

ውሃው እስኪመጣ ስለ ብሩሽ እናውራ ብዬ ነው ማይኩን ያወጣሁት። እውነቱን ለመናገር ግን አንድ የዋሸሁትን ውሸት ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት።

ሜካፕ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሩ ጥር። ጥርን ታውቁታላችሁ፤ ከጥምቀት በኋላ አዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድ የጡሩምባ ከተማ ነው የምትሆነው። ያኔ የነበሩኝ ብሩሾች ከአንድ ቦርሳ አያልፉም ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሙሽራዋ ቤት ደረስኩ። ሚዜዎቹን አስቀደምኩ፤ ሙሽራ ሜካፗ ትኩስ እንዲሆን መጨረሻ ነው የምትሠራው።

ሁለተኛዋ ሚዜ ስትቀመጥ ግራ ዓይኗ ቀላ ብሏል። ሽፋሽፍቷ ሥር ደረቅ ያለ ኩስ አለ። አየሁት። «እንቅልፍ አጥተሽ ነው?» አልኳት። «ሌሊቱን ሙሉ ስንጨፍር ነው ያደርነው» አለችኝ። ተሳሳቅን። አይሼዶዋን፣ ያን የዓይን ቆብ ላይ የሚቀባ ዱቄት፣ ቀባኋት። ከዚያ ብሩሹን ወደ አፌ አስጠግቼ እፍ አልኩት። ዱቄቱ ብን አለ። በሶፍት ጠረግ ጠረግ አደረግኩትና ቀጣይዋን ጠራሁ። ከዚያ ቀጣይዋን። በመጨረሻ ሙሽራዋን።

ይቺን እፍ እንዴት እንደምንወዳት! የማይላት ሜካፕ ሠሪ አላየሁም። ጸጉሩ ብትን ሲል ብሩሹ የጸዳ ይመስላል። የሆነው ግን ዱቄቱ ሄዶ ምራቅ መምጣቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሙሽራዋ ደወለች። ጠዋት ስትነቃ ሁለቱም ዓይኗ ተጣብቆ፣ ለብ ባለ ውሃ ነው ያላቀቀችው። «ሜካፑ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀችኝ፤ ልትጣላኝ አልነበረም። እኔስ ምን አልኩ? «ውይ የኔ ቆንጆ፣ ስትሰናበቺ ብዙ አለቀስሽ እኮ። አቧራውም አለ።» ትንሽ ዝም አለችና «እሱስ እውነት ነው» ብላ ዘጋችው። ማልቀሷማ እውነት ነው። ማስካራዋን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ከእኔ ብሩሽ ለመምጣቱ ማረጋገጫ የለኝም። የዓይን ማዝ ከእጅም ከፎጣም ይጋባል፤ ሙሽራ ደግሞ በዚያ ቀን የማይስማት ሰው የለም። ግን ያቺን ቀይ ዓይን አይታ ብሩሹን እፍ ያለችው እኔ ነኝ።

የሚገርመው እኔ ይሄን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ያደግኩት ጎጃም፣ አያቴ ጋ ነው። አያቴ ትራኮማ ነበረባት። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኗን ብሌን ይወጋት ነበር። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ትቀመጥና ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ታደርጋለች፤ እኔ በወረንጦ እነቅልላታለሁ። ትራኮማ ከዓለም ሁሉ በብዛት ያለው እኛ አገር ነው። ባክቴሪያው በልጅነት ደጋግሞ ይይዝና የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባስሰዋል፤ መዘዙ የሚወጣው ኋላ ነው። የሚጋባው ደግሞ በእጅ፣ በጨርቅ፣ በዝንብ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታችን እየመጣች «ፊታችሁን ታጠቡ፣ ፎጣ አትጋሩ» ስትለን ሰምቼ አድጌያለሁ። ፎጣ አልተጋራሁም። አዲስ አበባ መጣሁና ሰባት ሴት በአንድ የዓይን ብሩሽ እየቀባሁ መኖር ጀመርኩ።

አያቴ ታዲያ በዚያ ዓይኗም ኩል ትወድ ነበር። የኩሉ ብልቃጥ አንድ፣ መኳያው እንጨት አንድ። የበዓል ዋዜማ ጎረቤት ሁሉ በዚያችው ይኳላል። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ይባል የለ? ማንም የራሱን ጉዳይ ነው ብሎ አይሰማውም እንጂ።

እሺ፣ አሁን ምን አደርጋለሁ? አልኮል። መጋቢት 2012 ኮሮና የገባ ሰሞን አልኮል ያልያዘ ሰው አልነበረም፤ እኔም ያኔ ነው በደንብ የተማርኩት። ፋርማሲ ስሄድ «96 ይሻላል፣ ጠንካራው» እያልኩ እገዛ ነበር። የሚሻለው 70 በመቶው ነው። 96ቱ ቶሎ ይተናል፤ የጀርሙንም ፕሮቲን ከላይ ቶሎ ያደርቅና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይቀራል። 70ው ውስጥ ያለው ውሃ ነው ሰርስሮ እንዲገባ የሚያግዘው። ብሩሹ ላይ እረጨዋለሁ፣ ብሩሹን በንጹሕ ሶፍት ላይ ወዲያ ወዲህ አሽከረክረዋለሁ፣ ቀለም መልቀቁን እስኪያቆም እደግመዋለሁ። ከዚያ በራሱ እስኪደርቅ እተወዋለሁ። እርጥቡን ፊት ላይ ካሳረፋችሁት ያቃጥላል፤ አልኮሉም ሥራውን አልጨረሰም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብትስቁም። ሰርግ ቤት ቡና ይፈላል። ባለፈው አልኮሉን ስረጨው አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ከሰሉ!» ብለው ጮሁ። ለካ ረከቦቱ ከጀርባዬ ነው፤ ፍሙ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሙሽራ ላቃጥል ነበር። አሁን ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ የማየው ምድጃው የት እንዳለ ነው።

ፋውንዴሽን፣ ያን ፊት ሁሉ ላይ የሚቀባ ቅባታም ሜካፕ፣ በነካ ብሩሽ ላይ ግን አልኮል ብቻውን አይበቃም። ቅባቱ ጀርሙን ሸፍኖ ይዞታል። መጀመሪያ መታጠብ አለበት፤ ሰርግ ላይ ደግሞ ማን ያጥባል? ስለዚህ ብሩሽ አበዛሁ። ርካሽም ይሁን፣ ለእያንዳንዷ ፊት የራሷ። የተሠራበት አንድ ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ እስከ ቤት አይወጣም። ስፖንጅማ ውስጥ ውስጡን ስለሚጠጣ ለአንድ ሰው ነው፤ እዚያው እሰጣታለሁ። ማስካራ በሚጣል መቀቢያ፣ አንዴ ከጠርሙሱ ወጥቶ ዓይን የነካ ተመልሶ አይገባም።

ሊፕስቲክ ላይ ነው ይሉኝታው የሚመጣው። አምና አንዲት ሚዜ ከንፈሯ ላይ ምች ወጥቶባት ነበር። እናቷ «ፀሐይ መቷት ነው፤ ዳማከሴ ቀብቻታለሁ፣ ደህና ናት» አሉኝ። እኛ ምች የምንለው ያ ከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል ቫይረስ ነው፤ በንክኪ ይተላለፋል። ይሄን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት ትናገሩታላችሁ? በሠርግ ቀን! ልጅቷ ራሷ በእጇ ከንፈሯን ሸፍና ነው የተቀመጠችው። ሊፕስቲኩን በስፓቱላ ቆረስ አድርጌ ብረቷ ሳህን ላይ አደረግኩና በጥጥ እንጨት ቀባኋት። «ለኔ ብቻ ነው?» አለችኝ ቀስ ብላ። ደግነቱ ከእሷ በፊት የነበሩት ሦስቱም በጥጥ እንጨት ነበር የተቀቡት። «እያቸው» አልኳት፤ የተጣሉት እንጨቶች ሳህኑ ላይ ተደርድረዋል። እጇን ከከንፈሯ አወረደች።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር ፊታቸው ላይ ነው የማደርገው። አልኮሉን እያዩ እረጫለሁ፣ ንጹሑን ብሩሽ እያዩ አወጣለሁ። ደንበኞቻችን አይጠይቁንም እኮ። «ይሄን ብሩሽ አጥበሽዋል?» ያለችኝ ደንበኛ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ሦስቴ ይቅርታ ብላ ነው። እኔም ያኔ ያቺን ሚዜ «ዓይንሽን ምን ሆነሽ ነው?» ብዬ አጥብቄ ያልጠየቅኳት ላለማሳፈር ብዬ ነው። እሷም ያልነገረችኝ ሰርጉን ላለማበላሸት ይሆናል። ተከባብረን ተከባብረን ሙሽራዋን አሳመምናት።

የዚያች ሙሽራ ቁጥር አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። አንዴ ክርስትና ላይ አገኘኋት፤ ልጅ ታቅፋለች። አቅፋ ሳመችኝ፣ ለጓደኛዋም «የኔን ሠርግ የሠራችኝ እሷ ናት» አለቻት። አንደበቴ ላይ ደርሶ ነበር። «እንዴት አድጓል በእግዚአብሔር!» ብዬ ልጁን ሳምኩት።

ቆይ... ሰማችሁ? ቧንቧው ማፏጨት ጀምሯል። መጀመሪያ አየር ነው፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ይመጣል፣ እሱን ለሽንት ቤት እቀዳለሁ። ሲጠራ ነው ብሩሽ የማጥበው። ላርጎ ጠብ አድርጌ፣ መዳፌ ላይ እያሽከረከርኩ፣ ጸጉሩን ወደ ታች ዘቅዝቄ። ውሃ ጸጉሩን ወደ ያዘው ብረት ከገባ ማጣበቂያው ይለቅና የሰው ጉንጭ ላይ ጸጉሩን እየጣለ ይሄዳል። ከዚያ ጫፋቸው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ብሎ ይደረደራሉ። ትልልቆቹ ነገ ማታም ላይደርቁ ይችላሉ፤ እርጥቡን ቦርሳ ውስጥ ከከተትኩት ደግሞ ይሻግታል።

34 ናቸው። ቀጥ ብሎ እየወረደ ነው ውሃው። በሉ ደህና እደሩ።