ሳይለማመዱ ሜዳ አይገባም

(በሐዋሳ የመምህራን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ዕቅድ ዝግጅት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ርእሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

የዘንድሮን የሙያ ማሻሻያ ዕቅድ መጻፍ ከመጀመራችን በፊት ስለ ስፖርት ጥቂት እንድናገር ተጠይቄአለሁ። ዕድሜዬን በሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ስላሳለፍኩ ይመስለኛል። ያለነውም ሐዋሳ ነው። በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ነጥቆ ያመጣ ክለብ ባለበት ከተማ የቡድን ሥራን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከመካከላችሁ ስንቱ ያስታውሳል? ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን የገጠመበት ቀን ነው። ፒያሳ አካባቢ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ እስከ ደጁ ሞልቶ ነበር። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ የዛምቢያው በረኛ አዳነበት። ያ አልበቃ ብሎ ገና ከእረፍት በፊት በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ አጠገቤ የቆሙት አባት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ሲሳይ ባንጫ ከተቀያሪ ወንበር ተነሥቶ ገባ። ልናርፍ ስንል ጎል ተቆጠረብን። ከእረፍት መልስ ግን ጎዶሎው ቡድናችን ይዞ አጠቃ፤ የእኛው የሐዋሳ ልጅ አዳነ ግርማ አገባ! ጩኸቱ ታቦር ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች ተሸንፈን ከምድባችን ሳናልፍ መቅረታችንን አልዘነጋሁም፤ ያቺን አንድ ነጥብ ግን ማንም አይወስድብንም።

ስለ አዳነ ጎል ስናወራ ኖረናል፤ ይገባዋልም። እኔ ዛሬ ልናገርለት የምፈልገው ሲሳይ ባንጫን ነው። ቡድኑ በጎደለ ሰዓት፣ በሻምፒዮን ፊት፣ ከወንበር ተነሥቶ በረኛ መሆንን አስቡት። እንዴት ተቻለ? በአንድ ቡድን ውስጥ በረኞች አብረው ነው የሚለማመዱት። አንደኛው የሚወድቅለትን ኳስ ሁለተኛውም ይወድቅለታል። የማዕዘን ምት ሲመጣ ተከላካዮቹ የት እንደሚቆሙ፣ ማንን በስሙ ጠርቶ እንደሚያስጠነቅቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰልፉ ለ11 ሰው ነው፤ ልምምዱ ግን የሁሉም ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። በማውቀው አንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርቷ ለወሊድ ፈቃድ ወጣች። የተካት መምህር ትጉህ ሰው ነው፤ ለዓመታት ከጎኗ ባለው ክፍል አስተምሯል። አንድም ቀን ግን ክፍሏ ገብቶ አያውቅም፤ ግባ ያለውም የለም። እሷ የኤሌክትሪክ ጅረትን የምታስተምረው በባትሪ ድንጋይ፣ በሽቦና በትንንሽ አምፖሎች ነበር። ተማሪዎቹ በእጃቸው ይቀጥላሉ። በተከታታይ ከተያያዙት አንዱ አምፖል ሲነቀል ሌሎቹ አብረው ሲጠፉ፣ በትይዩ የተያያዙት ግን መብራታቸውን ሲቀጥሉ በዓይናቸው ያያሉ። ዕቃው ሁሉ በአንድ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነበር። እሱ ምዕራፉን በጠመኔ ሥዕል ብቻ ጨረሰው። ካርቶኑ የተገኘው ፈተናው ካለፈ በኋላ ቁም ሣጥኑ ሲጸዳ ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ እሷንም አልወቅስም። አንድ ማሊያ ለብሰው አብረው ተለማምደው አያውቁም።

የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል መመሪያው ይጠይቃል። እኛ ምን እናደርጋለን? በዓመቱ መጀመሪያ እያንዳንዳችን ለየብቻ ቅጽ እንሞላለን። ያምናውን ዕቅድ አውጥቶ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ የሚቀይር አለ፤ እናውቀዋለን፤ ዝም እንላለን። ሰኔ ሲደርስ ማኅደረ ተግባሩ፣ ማለትም የሥራ ማስረጃችን የሚታሰርበት ጥራዝ፣ ይወፍራል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ያ ሁሉ ወረቀት አንዱን መምህር ወደ ሌላው ክፍል አላስገባውም!

ክፍላችን የሚገባ ሰው አለ፤ እሱም መመዘኛ ይዞ ይገባል። ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ነጥብ ይሞላል፣ ይወጣል። ነጥቡ ለሥራ አፈጻጸም ስለሚያዝ መምህሩ ለዚያ ቀን ብቻ የሚሆን ትምህርት ያዘጋጃል፤ ተማሪዎችም እጅ እንዲያወጡ ቀድሞ ይነገራቸዋል። ተጫዋቹን በጨዋታ ቀን ብቻ አይቶ፣ ፊሽካ ነፍቶ፣ ካርድ መዝዞ የሚሄድ ሰው በየትኛውም ሜዳ ዳኛ ነው የሚባለው። ዳኛ ሞልቶናል፤ ያጣነው አሰልጣኝ ነው! መምህር የሚከብደውን ምዕራፍ፣ የማይሆንለትን ትምህርት፣ ባልደረባው አጠገቡ ቆሞ ያለ ነጥብ ሊያይለት ይገባል። ያለ ነጥብ! ይህን ዕቅዳችን ውስጥ ካላስገባን 60ውም ሰዓት ባዶ ነው።

ስለ ጀማሪ መምህራንም አንድ ነገር ልበል። ለሁለት ዓመት ነባር መምህር አጠገባቸው እንዲመደብ ተደንግጓል። ተመዳቢው ፊርማ ብቻ ከሆነ ባይመደብ ይሻላል። ከፈተና ውጤት በኋላም የትምህርት ክፍሉ ተሰብስቦ የትኛው ጥያቄ ለምን እንደተሳተ ይይ፤ ቡድኖች ከሽንፈት ማግስት ይህንኑ ያደርጋሉ።

ርእሳነ መምህራን፣ ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ገና አልተለጠፈም። በየትምህርት ክፍሉ ሁለት ሁለት መምህራን እየተጣመሩ፣ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ነፃ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አብጁላቸው። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ ዛሬ ከሰዓት ዕቅዱን ለየብቻ ሳይሆን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አጽፏቸው። የመጀመሪያው መስመር ላይም ማን የማንን ክፍል፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚያይ ይስፈር።

አመሰግናለሁ።