የወይን አበል

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ሲከነክነኝ ስለከረመው ስለ ድሮው የእንግሊዝ ጦር የመኮንኖች ሜስ፣ መኮንኖቹ አብረው ስለሚበሉበትና ስለሚጠጡበት ቤት ነው የማወራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታመው በ1811 ልጃቸው እንደራሴ ሆኑ። ለመኮንኖቹ ሜስ በእንደራሴው ስም የሚጠራ አበል ተመደበ። ለዳቦና ለሥጋ እንዳይመስላችሁ። ለወይን ጠጅ ነው! ወይን ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከባድ ስለነበር፣ እጅ ያጠረው መኮንንም ማዕድ ላይ አንድ ብርጭቆ እንዲደርሰው ታስቦ ነው።

ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ቀረጡን የሚጥለው መንግሥት፣ አበሉን የሚሰጠውም መንግሥት። ደመወዙስ? ጀማሪ የእግረኛ መኮንን በቀን የሚያገኘው 5 ሺሊንግ ከ3 ፔንስ ነበር፤ በዓመት 96 ፓውንድ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅም ደመወዙ ያው ነው ማለት ይቻላል።

ሜስ ደግሞ የበሉትን ብቻ ከፍለው የሚወጡበት ምግብ ቤት አይደለም። መዋጮው አለ፣ የእንግዳ ግብዣው አለ። ቢሮ ውስጥ ለሽኝት ሲዋጣ "እኔን እለፉኝ" ማለት እንዴት እንደሚከብድ ታውቁት የለ?

እጅ ካጠራቸው መኮንኖች አንዱን፣ ዊልያም ሮበርትሰንን ውሰዱ፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው። በ1877 ተራ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ በ1888 መኮንንነት አገኘ። የሄደው ሕንድ ወደነበረ የፈረሰኛ ክፍለ ጦር ነው፤ እዚያ ኑሮው ረከስ ይላል። የሲቪል ልብሱን አባቱ ሰፉለት። ማታ ሜስ ውስጥ ጓዶቹ ሻምፓኝ ሲጠጡ እሱ ውሃ ይጠጣል። ሰው እያየህ ውሃ መጠጣት ደስ እንደማይል በኋላ ራሱ ጽፎታል። እኔ ብሆን "ሐኪም ከልክሎኝ ነው" ብዬ እዋሽ ነበር፣ እውነቴን ነው። እሱ ግን ቻለው፤ የአገሬውን ቋንቋዎች አንድ በአንድ ሲያጠና ቆይቶ በ1920 የጦሩን የመጨረሻ ከፍተኛ ማዕረግ፣ ፊልድ ማርሻልነትን አገኘ።

የሱ ዓይነት ሰው ግን ስንት ነው? በ1903 የመኮንኖችን ወጪ ያጠና ኮሚቴ፣ ፈረሰኛ መኮንን ከደመወዙ ሌላ በዓመት ከ600 እስከ 700 ፓውንድ የግል ገቢ እንደሚያስፈልገው አገኘ። ፈረሱ፣ ፖሎው፣ ልብሱ፣ ሜሱ ተደምሮ ማለት ነው። ይህን ያህል ከቤቱ ማምጣት የሚችል ሰው ለወይኑ ድጎማ ምን ያደርግለታል? የማይችለው ደግሞ መጀመሪያውኑ ማዕዱ ላይ አልቀረበም።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።