ሽቦ እየጎነጎነ ቬኒስ የደረሰው ኤልያስ ስሜ

ሀያት፦ ሰላም ናችሁ ወገኖች? እንደተለመደው ከደሴ ነን። ሰይዶ ዛሬ በሰዓቱ መጥቷል፤ ጉድ ነው።

ሰይድ፦ አቦ አትጀምሪኝ! ይልቅ የላክሽልኝ ፎቶ ምንድን ነው? እኔ ከጦሳ ላይ ሆነው ደሴን በድሮን ያነሷት ነው የመሰለኝ። የዛገ ቆርቆሮ፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ መሀል መሀሉን አረንጓዴ።

ሀያት፦ ከዚያስ?

ሰይድ፦ ከዚያማ አሰፋዋለሁ፣ የኪቦርድ ቁልፍ! ቆርቆሮ ያልኩት ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተር ዋናው ሰሌዳ፣ ሆኖ ቁጭ። አረንጓዴው ደግሞ የመብራት ሽቦ።

ሀያት፦ የአርቲስቱ የኤልያስ ስሜ ሥራ ነው። «ታይትሮፕ» ብሎ ከሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎቹ አንዱ። ቀጭን ገመድ ላይ መራመድ እንደማለት ነው። ቴክኖሎጂው በአንድ በኩል፣ ሰውና ተፈጥሮ በሌላ በኩል፤ አንተ ደግሞ መሀል ላይ ሚዛን ትጠብቃለህ።

ሰይድ፦ እሺ፣ ሥዕል ነው ልበለው?

ሀያት፦ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ስለሚሠራ ኮላዥ በለው፣ የተለያየ ዕቃ ስለተቀላቀለበት ሚክስድ ሚዲያ በለው፤ እኔ በስሙ አልጨነቅም። አሠራሩን ስማ። በብሩሽ የሚቀባ ነገር የለም። ሰማያዊ ሲያምረው ሰማያዊ ሽቦ ይፈልጋል። ሽቦውን ይጎነጉነዋል፣ ከዚያ በጥቃቅን ሚስማር እንጨቱ ላይ ይመታዋል። ጎን ለጎን፣ መስመር በመስመር። አንዱ ፓነል፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳ፣ ሲሞላ ሌላ ይቀጠላል። ግድግዳ ሙሉ የሚሆን ሥራ አለው።

ሰይድ፦ ኧረ ትዕግሥት!

ሀያት፦ ከሽቦው በፊት ደግሞ መርፌና ክር ነበር። ሸራ ላይ ይሰፋል፣ ቁልፍ ይደረድራል፣ የጠርሙስ ክዳን ይለጥፋል።

ሰይድ፦ እናቴ ብታየው መጀመሪያ የምትጠይቀው «ክሩን ስንት ገዛው?» ብላ ነው። (ሳቅ) ግን ሀያትዬ፣ ቆሻሻን ወደ ጥበብ መለወጥ የሚሉት ነገር አይደል? ፈረንጆቹ የሚወዱት።

ሀያት፦ እዚህ ጋ ነው እኔ የምናደደው። እሱ ራሱ ሥራዬ ስለ ቆሻሻ አይደለም ባይ ነው። እስቲ አስበው፣ ዕቃውን ከየት ነው የሚያመጣው? መርካቶ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ምናለሽ ተራ። ምናለሽ ተራ ደግሞ ሰው ለቅሞ፣ ለይቶ፣ ዋጋ አውጥቶለት ነው የሚሸጠው። ተከራክረህ ነው የምትገዛው። የተከራከርክበት ዕቃ ምኑ ነው ቆሻሻ?

ሰይድ፦ ይሄስ እውነት ነው። እዚሁ ፒያሳ ሞባይል ሠሪ ጋ ሂጂ። መሳቢያው ሙሉ የሞተ ቦርድ ነው። አንዷን እንኳ አይጥላትም! «ለሌላ ስልክ ትሆናለች» ነው የሚልሽ። ወላሂ፣ ሆናም ታገኛታለሽ።

ሀያት፦ በቃ! እኛ ጋ ዕቃ ቶሎ አይሞትም። አንድ ኪቦርድ እስያ ይገጣጠማል፣ ሌላ አገር ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት ይቀጠቀጣል፣ በመጨረሻ እዚህ ይመጣል። ፊደሉ የተፋቀበት ቁልፍ ካየህ፣ የሆነ ሰው ጣት ነው የፋቀው። እኔ ሥራው ላይ የሚታየኝ ይሄ ነው። «አካባቢን እንጠብቅ» የሚል ፖስተር አድርገው ሲያወሩለት ያንሰብኛል።

ሰይድ፦ ሰውየው የየት ልጅ ነው?

ሀያት፦ የአዲስ አበባ። በፈረንጆቹ 1968 ተወልዶ፣ በ1990 ከዛሬው አለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቋል። በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ የሚባለው፣ ጣልያን የሚካሄደው ትልቅ ዓለም አቀፍ የጥበብ ዝግጅት ዋናው ኤግዚቢሽን ላይ ነበር፤ በ2024ም እዚያው ከተማ ለብቻው አሳይቷል። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም።

ሰይድ፦ ታዲያ?

ሀያት፦ ዞማ! መካኒሳ ያለው ሙዚየም። ከመስከረም አሰግድ ጋር ነው የሠሩት፤ እሷ አንትሮፖሎጂስትና ኪዩሬተር፣ ማለትም የሰውን ባህል የምታጠናና የጥበብ ኤግዚቢሽን የምታዘጋጅ፣ ናት። በ2019 ተከፈተ። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው፣ ልክ በአገርኛው አሠራር። ጭቃው ላይ ደግሞ ጥምዝምዝ መስመር ወጥቶበታል። ሽቦው ላይ የምታየውን የእጅ ሥራ እዚያ በጭቃ ታገኘዋለህ። ኢንስታሌሽን ይሉሃል ይሄ ነው። ውስጡ ትገባለህ፣ በጓሮው ትዞራለህ፣ ልጆች ይማሩበታል።

ሰይድ፦ የገጠር ዘመዶቼ ደግሞ ጭቃ ቤታቸውን አፍርሰው ብሎኬት ሊሠሩ ነው። «ሙዚየም ነው» ብላቸው አብደሃል ነው የሚሉኝ!

ሀያት፦ እነሱም አልተሳሳቱም እኮ። ጭቃ በየጊዜው መለሰን ይፈልጋል፤ ማን ይለስንላቸው?

ሰይድ፦ አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሽቦው ከመርካቶ ይገዛል፣ ሥራው የሚሸጠው ኒው ዮርክ ጋለሪ። እኛ በስልክ እያሰፋን እናያለን።

ሀያት፦ ልክ ነህ፣ እኔንም ይከነክነኛል። ዞማ ግን ተጭኖ አይሄድም። አዲስ አበባ ስትወርድ እሱን እይ።

ሰይድ፦ እሱንም አያለሁ። እኔ ግን ፓነሉን ነው የምፈልገው፤ ተጠግቼ ሚስማሩን ማየት።

ሀያት፦ እንግዲያው ፓስፖርት ማውጣት ጀምር።