ክፍተቱ ውስጥ ምን አለ?

እሺ፣ ዛሬም ሽንኩርት ነው። «ደግሞ ሽንኩርት?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ግን ስለ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በሚመርጥ ሽፋን አልፎ ቅንጣት ወደበዛበት ስለመሄዱ፣ ያወራነው አልበቃኝም። አንዲት ጥያቄ እረፍት ነስታኛለች።

ቀይ ሽንኩርት ላይ ጨው ውሃ ሲፈስበት ሜምብሬኑ (የሴሉ ስስ ገለፈት) ከሴል ዎሉ (ከውጭ ካለው ጠንካራ ግድግዳ) ለቅቆ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ አይደል? ይህ ፕላዝሞሊሲስ ይባላል። በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተቱ ውስጥ ምን አለ? የኦስሞሲስን ትርጉም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ የሚወጣው ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ «አየር» ይላል። ወይም «ባዶ ነው»። ሸምድዶታል፣ ግን አላየውም ማለት ነው።

ቀስ ብለን እንየው። ደረቁን ልጣጭ ትጥላላችሁ። ከሥሩ ካለው ወፍራም ንብርብር ላይ በውጭ በኩል ያለችውን ሐምራዊ ስስ ሽፋን በወረንጦ ትልጣላችሁ፤ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያነሰች ትበቃለች። በውስጥ በኩል ያለችው ቀለም የላትም፣ ስትሸሽ ለማየት ታስቸግራለች። ሥጋው አብሮ ከመጣ ደግሞ ሴል በሴል ላይ ይደራረብና ምንም አይለይም። ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ አንድ ጠብታ ውሃ፣ ሽፋኗ ሳትታጠፍ ትዘረጋለች፣ ከቨር ስሊፑ (ከላይ የሚደረገው ስስ መስታወት) በአንድ ጠርዙ ነክቶ አዘንብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል። ዝም ብሎ ከላይ ከተጣለ አየር ይይዛል፤ ያ ዳሩ የጠቆረ ክብ ነገር ሴል አይደለም፣ አረፋ ነው፣ ስንቱ ተማሪ እሱን ስሎ አስረክቧል! ማይክሮስኮፑ ላይ በ4 እጥፍ ሌንስ ተጀምሮ ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 40። የዓይን ሌንሱ 10 ከሆነ 400 እጥፍ ላይ ናችሁ።

አሁን ሐምራዊው ሴሉን ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል። ቀለሙ ያለው ቫኩዮሉ (በሴሉ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ነው። 5 ግራም ጨው በውሃ ሟሙቶ 100 ሚሊ ሊትር የሆነውን ከከቨር ስሊፑ በአንድ ጎን ትጨምራላችሁ፤ በሌላው ጎን ፊልተር ፔፐር (ውሃ የሚመጥ ወረቀት) ታስነካላችሁ። ወረቀቱ ውሃውን ሲስብ ጨው ውሃው ከሥር ይገባል።

እዚህች ላይ ቁሙልኝ። መጀመሪያ የሚሸሹት ማዕዘኖቹ ናቸው። ሐምራዊው ከጥጉ ይለቃል፣ ዳርዳሩን ይለቃል፣ ይኮማተራል፣ መሀል ላይ ክብ ይሆናል። ሴል ዎሉ እዚያው እንደቆመ ነው። ደግሞ ቀለሙን እዩት፤ ጠቆረ! ቀለም አልተጨመረም፤ ያው ቀለም ባነሰ ውሃ ውስጥ ቀርቶ ነው። የወጣው ውሃ ብቻ መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ይናገራል?

ክፍተቱ ውስጥ ያለውም ጨው ውሃው ነው። ሴል ዎል ውሃውንም ጨውንም ያሳልፋል፤ የሚመርጠው ሜምብሬኑ ነው። እንዲያውም ክፍተቱ ከመፈጠሩ በፊት ጨዉ ዎሉን አልፎ ሜምብሬኑን ነክቶታል። ይህቺ ከገባች ሌላው ሁሉ ይገባል… ይመስለኛል። ንጹህ ውሃ ስትመልሱለት ሴሉ ተመልሶ ይሞላል። ጨዉ በጣም ከበረታ ወይም ብዙ ከቆየ ግን ሜምብሬኑ ይጎዳል፣ አይመለስም። ስለዚህ መመለሱ ራሱ ሴሉ በሕይወት እንደነበር ይመሰክራል።

ቆይ፣ ሌላ ነገር። ኦስሞሲስን ሲተረጉሙ ውሃ «ከብዙ ወደ ትንሽ» ይሄዳል የሚሉት… የምን ብዙ? ሐኪም ቤት የሚሰቀለውን አስቡት፣ ሁሉንም «ግሉኮስ» የምንለውን። አንደኛው 0.9 በመቶ ጨው ነው፤ በሊትር 9 ግራም። ሌላው 5 በመቶ ግሉኮስ፤ በሊትር 50 ግራም። ሁለቱም በቅንጣት ብዛት ከደም ጋር ተቀራራቢ፣ አይሶቶኒክ ናቸው። 9 እና 50 እንዴት እኩል ይሆናሉ? ኦስሞሲስ ክብደት አይመዝንም፣ ቅንጣት ነው የሚቆጥረው። ጨው ሲሟሟ ለሁለት ይከፈላል፤ ግሉኮስ ግን አይከፈልም፣ አንዱ ሞለኪውል ደግሞ ከባድ ነው። በንጹህ ውሃ ቢሆን ቀይ የደም ሴል ይፈነዳል፤ ደግፎ የሚይዘው ዎል የለውማ።

እና ይሄ የፈተና ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም። ለተቅማጥ የሚጠጣውን የጨውና ስኳር ዱቄት፣ ኦ አር ኤስን ውሰዱ። 20.5 ግራም የሆነው ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፤ በሊትር 245 ሚሊኦስሞል (የቅንጣት ብዛት መለኪያ) ይሆናል፣ ከደም ያነሰ። ደም 290 አካባቢ ነው። ለልጁ «ጠንከር ይበልለት» ተብሎ በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠስ? 490። ሃይፐርቶኒክ፣ ከደም ይልቅ ቅንጣቱ የበዛ። አሁን ውሃው ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። ልጁ ይጠጣል፣ ተቅማጡ ይብሳል። በፍቅር ነው የተደረገው እኮ! ያቺው የሽንኩርቷ ሕግ ናት፣ ሰው ቤት ገብታ። ይህን ሳስብ ዝም ማለት ያቅተኛል።

…እሺ። አኳፖሪንም ነበረች። ውሃ በሜምብሬኑ ቅባት በኩል የሚያልፈው በዝግታ ነው፤ ፈጣኑ መንገድ ለውሃ ብቻ የተሠራ የፕሮቲን ቀዳዳ ነው። ሳይንቲስቱ ፒተር አግሬ ቀይ የደም ሴል ላይ ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የውሃ መንገድ መሆኑን ያሳየው፣ በ2003 በኬሚስትሪ ኖቤል ያሸለመው እሱ ነው። ለ9ኛ ክፍል ይነገር? ቢነገር ደስ ይለኛል፤ ግን ቅንጣት መቁጠሩ ይቀድማል መሰለኝ። እሱ ደግሞ ያለ ሞል (የቅንጣት ቁጥር መስፈሪያ) አይሄድም፣ ሞል ደግሞ የኬሚስትሪው ነው፣ የኬሚስትሪው መምህር እዚያ እስኪደርስ ባዮሎጂው ምዕራፉን ዘግቶ… ወይ ሁለቱ መምህራን ተነጋግረው ሳምንቱን ቢያገጣጥሙት? ምናልባት። ግን ፈተናው አሁንም የሚጠይቀው ትርጉሙን ከሆነ፣ እንግዲህ…