«ጊፍት»፦ ከጥሎሽ እስከ አይጥ መርዝ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እዚሁ ስዊድን ተወልዳችሁ አማርኛን ከእኛ የምትማሩ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ?

የአውሮፓ የቋንቋዎች ቀን የሚውለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 26 ነው። ይህ ቀን በአብዛኛው ዓመት ከደመራ ጋር ስለሚገጥም የእኛ ሰው ችቦ ሲያስር ያልፍበታል። ዘንድሮ አዘጋጆቹ ለሁለቱም ጊዜ ስላገኙ አመሰግናቸዋለሁ። እኔንም ስለ ቋንቋ ተናገር አሉኝ። አስተርጓሚ ዝም በል ሲባል እንጂ ተናገር ሲባል አይቸገርም። ዛሬ ግን የያዝኩት አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ጊፍት»።

ከአገር ቤት እንግሊዝኛ ይዞ የመጣ ሰው ይህችን ቃል የሚያውቃት ስጦታ በመሆኗ ነው። እዚህ እንደደረሰ ቅጽ ይሰጠዋል። የጋብቻ ሁኔታ በሚለው ረድፍ ላይ «ኦጊፍት» እና «ጊፍት» የሚሉ ሳጥኖች ተደርድረዋል፤ ያላገባ እና ያገባ ማለት ናቸው። ሰውየው ብዕሩን ይዞ ወደ እኔ ዞር ይላል፦ «ስጦታ ተቀብለሃል ወይ ነው የሚሉኝ?» ይህን አስረድቼው ሳልጨርስ፣ ቤቱ አይጥ ገብቶበት ወደ ሱቅ ሲሄድ ቃሏ የመርዙ ዕቃ ላይ ተጽፋ ትጠብቀዋለች። ስዊድኖች የአይጥ መርዝን «ሮትጊፍት» ይሉታል።

ከዚህ በኋላ የምትመጣውን ቀልድ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ያገባና የተመረዘ በአንድ ቃል ይጠራሉ የምትለዋ ናት። የሚነግረኝ ሰው ሁሉ እሱ የፈጠራት ይመስል ፊቱ ያበራል። ቀልዱ ራሱ ክፉ አይደለም፤ የሚከፋኝ ነገሩ እዚያው ላይ ማቆሙ ነው። ምክንያቱም ሦስቱም ትርጉሞች፣ ስጦታውም ጋብቻውም መርዙም፣ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው። ሁሉም የወጡት የእንግሊዝኛ፣ የጀርመንኛና የስዊድንኛ የጋራ እናት በሆነው በጥንቱ ቋንቋ «መስጠት» ከሚለው ግስ ነው።

ጋብቻው ለእኛ ሊያስቸግረን አይገባም ነበር። ሽማግሌ ተልኮ ደጅ ቆሞ የሚለው «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» አይደለም እንዴ? አባትም እሺ ሲል «ልጄን ሰጥቻለሁ» ይላል። የስዊድኑ «ጊፍት» መነሻው ይኸው ነው፤ ለባል የተሰጠች ማለት ነበር። ዛሬ ወንዱም ያው ቅጽ ላይ ያንኑ ሳጥን ስለሚሞላ፣ እሱም በበኩሉ ተሰጥቷል። በጥንቱ እንግሊዝኛም ቃሉ ለሚስት የሚከፈል ዋጋ ማለት ነበር፤ ከእኛ ጥሎሽ ብዙም አይርቅም። ጀርመኖች ደግሞ ሙሽራዋ ከወላጆቿ ይዛ የምትሄደውን ሀብት እስከ ዛሬ «ሚትጊፍት» ይሉታል። በዚህች ውስጥ ቃሉ ምንም መርዝ የለበትም።

መርዙስ ከየት መጣ? ከሐኪም ቤት መጣ። «ዶዝ» የምንለውን ቃል ሁላችንም እናውቃለን። መነሻው የግሪክ «ዶሲስ» ሲሆን ትርጉሙ መስጠት ነው፤ ለበሽተኛ የሚሰጥ የመድኃኒት መጠን ማለት ሆነ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎችም ያንን በራሳቸው ቃል «ጊፍት» አሉት። ሰው ደግሞ አስፈሪውን ነገር በስሙ መጥራት ስለማይወድ፣ ጠላቱን ለመግደል የሚያጠጣውንም በዚያው ለስላሳ ስም ሸፈነው። «አንድ ነገር ሰጠው» እንደማለት ነው። ሽፋኑ ብዙ ሲለበስ ቆዳ ሆነና ጀርመንኛ ውስጥ ስጦታነቱ ጠፍቶ መርዝነቱ ቀረ። ሃንዛ በሚባል የንግድ ማኅበር የተሳሰሩ የሰሜን ጀርመን ከተሞች ነጋዴዎች ቋንቋቸውን ይዘው በባልቲክ ባሕር ሲመላለሱ መርዙ «ጊፍት» እዚህም ደረሰ፤ ቀድሞ ከነበረው ከጋብቻው «ጊፍት» ጎን ተቀመጠ።

እዚህም ላይ ቢሆን ለመገረም መብት የለንም። «የአይጥ መድኃኒት» የምንል ሰዎች ነን። «መድኃኒት አበላችው» ሲባል ማንም ሰው ልትፈውሰው ነው ብሎ አያስብም። ፈረንሳዮችም ከዚሁ አያመልጡም፤ መርዝን የሚጠሩበት «ፗዞን» ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው መጠጥ ማለት ብቻ ነበር። ፓራሴልሰስ የተባለው የስዊስ ሐኪም በ1538 ሁሉም ነገር መርዝ እንደሆነ፣ መርዝ እንዳይሆን የሚያደርገው መጠኑ ብቻ እንደሆነ ጽፏል። የጻፈው በጀርመንኛ ነው፤ መርዙን «ጊፍት»፣ መጠኑን «ዶሲስ» ብሎታል። ሁለቱም ከሥር መሠረታቸው መስጠት ናቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሆላንዶች ችግሩን በአንድ ፊደል ፈቱት። መርዝ «ጊፍ» ነው፣ ልገሳ «ጊፍት»። የግብር ማስታወቂያ ሲሞሉ ከግብር የሚቀነሰው ልገሳ በዚሁ ስም ይጻፋል። ድንበሩን ተሻግሮ ጀርመን የገባ ሆላንዳዊ ግን ያቺን «ት» ቢጠነቀቅባት ይሻለዋል።

የእንግሊዝኛው ታሪክ ደግሞ አስቂኝ ነው። እንግሊዞች ዱሮ ቃሉን «ዪፍት» እያሉ ያነቡት ነበር። ከሰሜን ቫይኪንጎች መጥተው ሲሰፍሩ ጠንካራውን «ጊ» ከእነሱ ወሰዱ፤ የመርከበኞቹ ድምፅ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር የልደት ካርድ ላይ አለ። ስዊድኖችስ? ልጆች፣ እናንተ ታውቃላችሁ፤ «ጊፍት» ተብሎ የተጻፈውን «ዪፍት» እያሉ ያነባሉ። ተለዋወጡ ማለት ነው።

በእርግጥ የሚመሳሰል ቃል ሁሉ ዘመድ አይደለም። ግሪክ «ኔ» ካለ አዎ ማለቱ ነው፤ ጎረቤቱ ቡልጋሪያዊ «ኔ» ካለ እምቢ ማለቱ ነው። ይህ የድምፅ አጋጣሚ ነው፤ ሥር ቢቆፈርለት ምንም አይገኝም። በመጻሕፍትና በግድግዳ ሥዕሎች ላይ ሁለቱን ዓይነት ደባልቀው «አሳሳች ቃላት» ብለው ሲደረድሩ ቅር ይለኛል። ዘመዳሞቹን ከባዳዎቹ መለየት አስተማሪው ሊያደርገው የሚገባ ሥራ ነው።

ወላጆች፣ ለእናንተ ከታሪኩ ውጭ አንድ ነገር አለኝ። ልጆቻችሁ በስልክና በጨዋታ እንግሊዝኛውን ቀድመው ይለምዳሉ። በጠርሙስ ላይ የተጻፈች «ጊፍት» ለትንሽ ልጅ ስጦታ ልትመስለው ትችላለችና፣ የዕቃ ማጠቢያውንና የአይጡን ነገር ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንድ ነገር ቢጠጣባችሁ 112 ደውላችሁ «ዪፍትኢንፎርማሾን» በሉ፤ ከመርዝ መረጃ ማዕከሉ ጋር ያገናኟችኋል። ስዊድንኛው ቢያስቸግራችሁ እንግሊዝኛውም ይሠራል፤ ያን ጊዜ ግን «ጊፍት» አትበሏቸው፣ «ፖይዝን» በሏቸው።

አመሰግናለሁ። ደመራው እስኪለኮስ ድረስ ጥያቄ ካለ እዚሁ አለሁ።