ጊዜ ያላችሁ እናንተ ናችሁ፦ ሐረር ላይ ለሆስፒታል ሕፃናት ክፍል አዲስ የሕክምና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

ውድ ተማሪዎቻችን፣ የዋርዳችን ነርሶች፣ ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች፣ እንደምን አደራችሁ። እንኳን ወደ ሕፃናት ክፍል በደህና መጣችሁ።

የአታችመንቱ፣ ማለትም እዚህ እየሠራችሁ የምትማሩበት ጊዜ፣ ደንብ ታትሞ በእጃችሁ አለ። ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ስንት ቀን የቀረ ለፈተና እንደማይቀመጥ፣ ሎግ ቡክ (የሠራችሁትን የምትመዘግቡበትን ደብተር) ማን እንደሚፈርም እዚያው ተጽፏል። አላነብላችሁም። እኔ ማውራት የምፈልገው ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር ስለታለፉ ነገሮች ነው። ዋርድ ውስጥ ልጅን የሚያተርፉትም የሚጎዱትም እነሱ ናቸው።

ነገ ስትገቡ «ከሁሉም በታች እኛ ነን» ብላችሁ ማሰባችሁ አይቀርም። ከበላያችሁ ኢንተርን (የመጨረሻ ዓመት ተለማማጅ ሐኪም) አለ፣ ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) አለ፣ ሲኒየር አለ። ትዕዛዝ አትጽፉም፣ መድኃኒት አትሰጡም። ይህ እውነት ነው። ግን ዋርዱ ውስጥ ጊዜ ያላችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ። ነርሷ በአንድ ተረኛነት ብዙ ሕፃን ትይዛለች። ሬዚደንቱን ድንገተኛ ክፍል ይጠራዋል። እናንተ ግን አንድ ወይም ሁለት ልጅ ተሰጥቷችሁ አልጋው አጠገብ ረጅም ሰዓት ትቆያላችሁ። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ከሰዓት ሊዝል ይችላል። ያንን ለውጥ ከእናቱ ቀጥሎ የምታዩት እናንተ ናችሁ። ከእናንተ የምንፈልገው በደንብ እንድታዩና ያያችሁትን ቶሎ እንድትናገሩ ነው። ሌላው ደንብ ሁሉ ለዚህ የተቀመጠ ነው።

ትንፋሽ መቁጠርን እንውሰድ። ቀላል ሥራ ይመስላል። የአሥር ልጅ ትንፋሽ ቻርት ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሆኖ ካገኛችሁ ግን ማንም አልቆጠረም ማለት ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ልጁ እናቱ ጭን ላይ ይሁን፣ አልጋ ላይ አታጋድሙት። ልብሱን እናቱ ትግለጥለት። ጠብቶ ሲጠግብ ወይም እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገው ከሆነ በጣም ጥሩ። ስቴቶስኮፑን ገና አታውጡ። ዝም ብላችሁ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያያችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት እዚህ አይሠራም። የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም፤ ይፈጥናል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይፈጥናል። ካለቀሰ ቁጥሩ ተበላሽቷል፤ እስኪረጋጋ ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ። ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ እሱንም ደግማችሁ አረጋግጡ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ነው። እየቆጠራችሁ የደረቱ የታችኛው ክፍል አየር ሲያስገባ ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ እዩ። ጆሮና ጉሮሮ መጨረሻ ላይ ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አያስጠጋችሁም።

እንግዲህ ቆጥራችሁ 64 አገኛችሁ እንበል። ብዙ ተማሪ ይህንን ይጽፍና ለነገው ሞርኒንግ (ለጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ያስቀምጠዋል፣ ፕሬዘንት ሊያደርገው። እባካችሁ፣ እንዲህ አታድርጉ። ተነሥታችሁ ነርሷን ወይም ኢንተርኑን ፈልጉ። «አልጋ 8 ያለው የ5 ወር ልጅ ትንፋሹ 64 ሆኗል፣ ጠዋት 48 ነበር፣ እባክዎ መጥተው ይዩልኝ» በሉ። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። የጠራችሁት ሰው ሥራ በዝቶበት ቢያመናጭቃችሁ ከእሱ በላይ ያለውን ጥሩ። ተሳስታችሁ ከሆነ የባከነው አምስት ደቂቃ ነው። በመጥራቱ ነጥብ የሚቀነስበት ተማሪ አይኖርም፤ አይቶ ዝም ያለውን ግን እንጠይቃለን። አልጠባ ወይም አልጠጣ ያለ፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው፣ ያንቀጠቀጠው፣ የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ካያችሁ ደግሞ ሂስትሪውን (የሕመሙን ታሪክ መጠየቁን) እዚያው አቋርጡና ሰው ጥሩ።

በምግብ እጥረት የተጎዱት ልጆች ጋ ስትደርሱ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በጣም የከሳ ልጅ ብዙ አያለቅስም። ስለማያለቅስም ደህና ይመስላል። መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 ወተት በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ነው፣ ሌሊቱንም ጭምር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለው ሲዘለል የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ገላው ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ልጁን ልናጣው እንችላለን። ስለዚህ ዲዩቲ (የሌሊት ተረኛ) ስትሆኑ ኩባያውን እዩ። ወተቱ እንዳለ ከተቀመጠ እናትየውን ቀስ ብላችሁ ጠይቁ፤ ደክሟት እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል፣ ልጁ አልውጥ ብሏት ይሆናል። ከዚያ ለነርሷ ንገሩ። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ (ከጣቶቹ በላይ ያለውን) በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ሁለቱም ጎድጉደው ከቀሩ እብጠት አለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ መካከለኛ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነም ጉዳቱ የከፋ ነው።

የግሉኮሱን ነገር ከዚሁ ጋር ልንገራችሁ። ቀስ ብሎ ሲንጠባጠብ አይታችሁ፣ እናትየውም «ይፍጠንለት» ብላ ለምናችሁ፣ መቆጣጠሪያውን እንዳትነኩ። በደግ ልብ የሚደረግ ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ከ3 ሺህ በላይ ልጆች ላይ ተደርጎ ነበር። ትኩሳት ያላቸውና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ ልጆች ናቸው። ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው ውስጥ ከ10 በመቶ በላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ሞቱ፤ በዚያ መልክ ካልተሰጣቸው የሞቱት 7.3 በመቶ ነበሩ። ተቅማጥ ያለባቸውና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱት በጥናቱ አልተካተቱም። ለሁለቱም የራሳቸው መመሪያ አለ። ያም ቢሆን ፍጥነቱን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው።

መድኃኒትም እንዲሁ። የጄንታማይሲኑን ብልቃጥ ተመልከቱ፤ 2 ሚሊ ሊትር ነው፣ ውስጡ 80 ሚሊ ግራም አለ። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ለታዘዘለት 3 ኪሎ ጨቅላ የሚበቃው 15 ሚሊ ግራም፣ ማለትም ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ የማይሞላ ነው። ብልቃጡ እንዳለ ቢሰጠው ከአምስት እጥፍ በላይ ወሰደ ማለት ነው። ልጁን ዛሬ መዝኑት፤ የትናንት ኪሎ አይበቃም። ስሌቱን ለራሳችሁ ሥሩትና ከታዘዘው ጋር አስተያዩት። ካልተገናኘ ጠይቁ። ራሳችሁ ግን አትስጡ።

አሁን ስለ እናቶች። ወደ ሆስፒታላችን ወደ ሕይወት ፋና የሚመጣው የሐረር ልጅ ብቻ አይደለም። ከባቢሌ፣ ከፈዲስ፣ ከጉርሱም፣ ከሶማሌ ክልልም ይመጣሉ። ብዙዎቹ አማርኛ አይችሉም። በዚህ ሳምንት ሳል፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስ በኦሮምኛና በሶማሌኛ ምን እንደሚባሉ ከነርሶቹ ልመዱ፤ በእናንተ አፍ ሲወጣ እናትየዋ ፊቷ ይፈታል። ለዝርዝሩ ግን አስተርጓሚ ከሠራተኞቹ ጠይቁ። ጎን አልጋ ያለችውን እናት አታስተርጉሙ። የቤቷን ጉዳይ ለጎረቤት ማሰማት ነው። ኤችአይቪን የሚመለከት ነገርማ ራውንድ ላይ (ሐኪሞች ከአልጋ አልጋ ሲዞሩ) በጭራሽ ድምፅ ተሰጥቶት አይነገርም፤ በጣታችሁ ቻርቱን አሳዩ፣ ሐኪሙ ያነበዋል።

እንጥሉ የተቆረጠ ወይም ግግ (ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ) የወጣለት ልጅ ታያላችሁ። ቅቤ እንዲውጥ የተደረገ ጨቅላም ታያላችሁ። ትቆጡ ይሆናል። ቁጣችሁን ዋጡት። እናትየዋ ያደረገችው ለልጇ ይሻላል ብላ ነው። ከሰደባችኋት በሚቀጥለው ጊዜ ትደብቃለች፣ ወይም ጨርሶ አትመጣም። መጀመሪያ ልጇን አክሙላት፣ ሲሻለው አስረዷት። ያን ጊዜ ትሰማችኋለች።

ልጁንም አትዋሹት። የሚያም ነገር ከሆነ «ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልቃል» በሉት። ቤት ውስጥ «ካስቸገርክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ጋውን ሲያይ ቢጮህ አይፈረድበትም። እናትየዋ ፊታችሁ እንደዚያ ብላ ካስፈራራችው በፈገግታ «ኧረ እኔ ጓደኛው ነኝ» በሉ።

ጋውን ካነሣን፣ ጋውን ለብሳችሁ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ፈረስ መጋላ ሻይ ልትጠጡ አትውጡ። ከዋርድ የያዛችሁትን ወደ ከተማ፣ ከከተማ የያዛችሁትን ወደ ጨቅላዎቹ ትወስዳላችሁ። ቀለበትና አምባር ይውለቁ። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እጃችሁን እሹ፤ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር። ጉንፋን ወይም ተቅማጥ የያዘው ተማሪ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አይገባም። ይደውል፣ ያሳውቅ፣ ቀኑን ይካካሳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልጨረሳችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። መርፌ ከወጋችሁ ቁስሉን ሳትጨምቁ በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ ወዲያው ንገሩን። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ከ72 ሰዓት በላይ ከዘገየ አይሆንም። አፍራችሁ አትደብቁ።

የበርጫ ነገር ደግሞ አለ። ያለነው ሐረር ስለሆነ ሳልናገር ብቀር ተገቢ አይሆንም። ከሰዓት ሲቅም ውሎ ማታ ዲዩቲ የሚገባ ተማሪ አንቀበልም። «ያነቃኛል» የሚል አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ምርቃናው ወጥቶ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሕፃን አጠገብ የሚቆም ሰው አንፈልግም። እዚህ ላይ ልመና የለም።

ስልክ ለሰዓትና ለስሌት ይጠቅማል። ልጅን ፎቶ ለማንሣት አይደለም። ፊቱን ብትሸፍኑም፣ «ለክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው» ብትሉም አይሆንም። ቲክቶክማ አይታሰብ።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶኛል። በዚህ አታችመንት ልጅ ሲሞት ታያላችሁ። ያን ሰዓት መጋረጃውን ሳቡ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ኮሪደር ላይ አትሳቁ። ሂስትሪ ያላለቀለት ተማሪ ያን እናት ሊጠይቃት አይሂድ። ከቤተሰቡ ብዙው ሙስሊም ነው፤ አስከሬኑን ሳይውል ሳያድር መቅበር ይፈልጋሉ፣ መንገዱም ሩቅ ነው። በወረቀት ምክንያት ሲጉላሉ ካያችሁ ቅጹን ይዛችሁ ሮጣችሁ አስፈርሙላቸው። ውሃ ስጧቸው። ማልቀስ ከመጣባችሁ አልቅሱ፣ ማንም አይታዘባችሁም። ከዚያ በኋላ ከእኛ ከአንዳችን ጋር ቁጭ ብላችሁ አውሩ፤ ይህን ግዴታ አድርጋችሁ ያዙት።

ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ዋርዱ በር ላይ እንገናኝ። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ አንድ አንድ ልጅ ትረከባላችሁ፤ የመጀመሪያ ሥራችሁ እናቱን ስሟን ጠይቃችሁ ራሳችሁን ማስተዋወቅ ነው። ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት በኪሳችሁ ይኑር፣ ጥፍራችሁም ዛሬ ማታ ይቆረጥ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን እጅ አውጡ። አመሰግናለሁ።