ኔትወርኩ ከመሸጡ በፊት የእኛ ሂሳብ ይታወቅ

እንደምን ዋላችሁ። እሁድ ቀን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ወጥታችሁ፣ ልጆች ለሰው ትታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከባልቲሞር ድረስ ነድታችሁ ነው እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችሁት። እግዜር ይስጥልኝ። ቡናው እየተቆላ ነው። እስኪደርስ ድረስ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ሰሞኑን ሁላችንም አንድ ዓይነት ኢሜይል ደርሶናል። ብሎጎቻችን ላይ ማስታወቂያ የሚያስገባልን ኔትወርክ «የተለያዩ አማራጮችን እያየሁ ነው» ይላል። በእኛ ቋንቋ ገዢ እየፈለገ ነው ማለት ነው። ከታች ደግሞ «ለእናንተ የሚለወጥ ነገር አይኖርም» የሚል አንድ መስመር አለ።

እኔ ዛሬ የቆምኩት ስለዚያች መስመር ነው። የጻፋት ሰው በቅንነት ጽፏት ይሆናል። ግን ይህን ቃል ሊገባልን የሚችለው ገዢው ነው። ገዢው ደግሞ ገና አልታወቀም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሽያጩን አልቃወምም። ሰዎቹ ከምንም ተነስተው ያቆሙት ድርጅት ነው፣ የመሸጥ መብታቸው ነው። ለእኔም ውለታ አላቸው። ስለ ሽሮና ስለ ምስር ወጥ የምጽፍባት ገጽ የሰርቨር ኪራይዋን የቻለችው፣ ከዚያም አልፋ የልጄን የሙዚቃ ትምህርት የከፈለችው በእነሱ በኩል በመጣ ገንዘብ ነው። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ከመሸጣቸው በፊት የእኛ ሂሳብ ምን ያህል እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው በጽሑፍ ይታወቅ።

ለአዲሶቹ ትንሽ ላስረዳ። የማስታወቂያ ኔትወርክ ደላላ ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ጥሩ ደላላ ብዙ ሥራ ይሠራል። እኔ ብቻዬን የአንድ ትልቅ የምግብ ፋብሪካን በር ባንኳኳ ማን ይከፍትልኛል? ኔትወርኩ ግን የእኔን ገጽ፣ የእርስዎን ገጽ፣ የብዙ ሰው ገጽ አንድ ላይ አድርጎ ለአስነጋሪው፣ ማለትም ማስታወቂያ ለሚያሠራው ድርጅት፣ ያቀርባል። ዛሬ አብዛኛው ነገር በማሽን ነው የሚያልቀው። አንባቢ ገጹን ሲከፍት ያቺ ባዶ ቦታ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ጨረታ ላይ ትወጣለች። ያሸነፈው ማስታወቂያ ይታያል። ኔትወርኩ ድርሻውን ወስዶ ቀሪውን ለእኛ ይልካል። ጉግል በ2010 አድሴንስ በሚባለው የማስታወቂያ አገልግሎቱ ላይ ለገጽ ባለቤት 68 በመቶ እንደሚከፍል በይፋ ተናግሮ ነበር። ሌሎቹ ከዚያ ከፍም ዝቅም ይላሉ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ይቅርታ።

ቀሪውን ይልካል ብያለሁ። መቼ ነው የሚልከው? ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የጥር ገንዘብ በጥር አይመጣም። ውላችን ከወሩ መጨረሻ በኋላ 60 ቀን ይላል። የጥር ሊከፈል ሲቃረብ የየካቲትንና የመጋቢትንም ሠርተናል። ስለዚህ በማንኛውም ቀን የሁለት ወይም የሦስት ወር ሥራችን እነሱ እጅ ነው። በወር 400 ዶላር የምታገኝ አንዲት እህት እስከ 1,200 ዶላር አበድራለች ማለት ነው። ወለድ የለው፣ ዋስ የለው። እዚህ አዳራሽ 40 ያህል ሰው አለ። ሁላችንም እንደዚያች እህት ብንሆን 48 ሺህ ዶላር ነው። ይህ የአንድ አዳራሽ ሰው ብቻ ነው።

ዕቁብ የማያውቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ስትጥሉ ቆይታችሁ፣ ዕጣው ሳይወጣላችሁ ዳኛው ቢቀየር መጀመሪያ ምን ትላላችሁ? መዝገቡን አምጡ ነው የምትሉት። ማን ስንት ጣለ፣ ለማን ወጣ፣ ለማን ቀረ። ከዚያ ዋሱ ይጠራል። እናቶቻችን ይህን ሳያደርጉ ለአዲሱ ዳኛ አምስት ሳንቲም አይሰጡም። እኛ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ብቻ ለምን እንተወዋለን?

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ሌላ ትንሽ ኔትወርክ ውስጥ ነበርኩ። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ የለም። ተሸጠ። በመጀመሪያው ወር ምንም አልተለወጠም። በሁለተኛው ወር ሂሳብ የማይበት ገጽ ተዘግቶ በአዲስ ተተካ። አዲሱ ገጽ ላይ የድሮው ቁጥሬ የለም። ዜሮ ነው። ለአዲሶቹ ጻፍኩ። «ከእኛ በፊት የነበረውን የቀድሞዎቹን ጠይቂ» አሉኝ። ለቀድሞዎቹ ጻፍኩ። «ሁሉንም አስረክበናል፣ አዲሶቹን ጠይቂ» አሉኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስመላለስ ግማሽ ዓመት ሄደ። የሁለት ወር ገንዘቤ እዚያው ቀረ። ከሁሉ የቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ሪፖርቱን አውርጄ አላስቀመጥኩም ነበር። እነሱ ዘንድ ስንት እንዳለኝ እንኳ ማሳየት አልቻልኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።

ጠበቃ አማክሬ በኋላ የገባኝን ልንገራችሁ። እዚህ አሜሪካ ድርጅት በዋናነት በሁለት መንገድ ይሸጣል። አንደኛው ድርጅቱ እንዳለ፣ ከነዕዳው፣ ከነውሉ መሸጥ ነው። ያኔ ዕዳው ከድርጅቱ ጋር ይሄዳል። ሁለተኛው ንብረቱን ብቻ መሸጥ ነው። ስሙን፣ ሶፍትዌሩን፣ ከእኛ ጋር ያሉትን ውሎች ገዢው ይወስዳል። ዕዳውን ግን እወስዳለሁ ብሎ ካልፈረመ በአብዛኛው ከሻጩ ጋር ይቀራል። ሻጩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ካዝናው ባዶ የሆነ ስም ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ ያለፈብኝ ይኼኛው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ቀላል ነው። በየትኛው መንገድ ነው የምትሸጡት? እስከ ሽያጩ ቀን የሠራነውን ማን ነው የሚከፍለው?

ትልልቆቹም ላይ የደረሰውን እንይ። ፌደሬትድ ሚዲያ የሚባል ድርጅት ነበር። በ2005 ያቋቋመው ጆን ባቴል ነው፣ ዋየርድ መጽሔትን ካስጀመሩት አዘጋጆች አንዱ። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነበር። ጎበዝ ብሎገሮችን ሰብስቦ እንደ አንድ ትልቅ መጽሔት ለአስነጋሪዎች ማቅረብ። ቦይንግ ቦይንግን የመሰሉ ስመ ጥር ብሎጎች ከእሱ ጋር ሠርተዋል። በ2011 ሊጂት የተባለውን የኮሎራዶ ድርጅት ገዛ። ከዚያ ገበያው ከሰው ወደ ማሽን ጨረታ እየዞረ መጣ። በ2014 ድርጅቱ ለሁለት ተከፈለ። ከአስነጋሪ ጋር ፊት ለፊት የሚደራደረው ክፍል ከነስሙ ሊን ሚዲያ ለሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት ተሸጠ። ማሽኑን የያዘው ክፍል ሶቨርን የሚል አዲስ ስም ይዞ ቀረ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊን ከሚዲያ ጄኔራል ጋር ተዋሃደ። በጥር 2017 ሚዲያ ጄኔራልን ደግሞ ኔክስታር ጠቀለለው።

እስቲ አስቡት። በ2013 አንድ ጸሐፊ ብሎገር ከሚወድ ሰው ድርጅት ጋር ነው የሚሠራው። ከአራት ዓመት በኋላ ያ ስም በአራተኛ ባለቤት እጅ ነው፣ ባለቤቱም ዋና ሥራው የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ማንም ሕግ አልጣሰም። እያንዳንዱ ሽያጭ ለሻጭና ለገዢ ትርጉም ነበረው። ጸሐፊው ግን በአንዱም ስብሰባ ላይ አልተቀመጠም።

ብሎግኸርም አለ። ሊሳ ስቶን፣ ኤሊሳ ካማሆርት ፔጅ እና ጆሪ ዴ ጃርዲን የሚባሉ ሦስት ሴቶች በ2005 ለሴት ብሎገሮች ስብሰባ ብለው ጀመሩት። የማስታወቂያ ኔትወርኩ ከስብሰባው ነው የወጣው። በ2014 ሺኖውስ ሚዲያ ገዛው፣ በ2018 ደግሞ ሺኖውስን ራሱን ፔንስኪ ሚዲያ ገዛው። ከሁሉ የከፋው የግላም ሚዲያ ነው። የፋሽንና የቤት ውስጥ ኑሮ ጸሐፊዎችን በብዛት የያዘ ኔትወርክ ነበር። በ2014 ስሙን ሞድ ሚዲያ አለ። በመስከረም 2016 በድንገት ተዘጋ። የሠሩበት ገንዘብ እንዳልተከፈላቸው ብዙ ጸሐፊዎች ያኔ በአደባባይ ተናገሩ። ሽያጭ እንኳ አልነበረም። ዝም ብሎ በር ዘጋ።

ይህንን የማወራው ላስፈራራችሁ አይደለም። ጥሩ ገዢም አለ። ገንዘብ ያለው፣ ከእኛ ኔትወርክ የተሻለ ማሽን ያለው፣ በ60 ቀን ፋንታ በ30 ቀን የሚከፍል ገዢ ቢመጣ እኔ የመጀመሪያዋ ደስተኛ ነኝ።

አሁን ደግሞ አንዳንዶቻችሁ «እኛ ምን አቅም አለን?» ብላችኋል። ባለፈው ስልክ ስንነጋገር እዚያ ጥግ ላይ ያሉት ጋሼም እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ዝሆን ሲሸጥ ቅማሉን ማን ይጠይቀዋል?» ጋሼ፣ ከይቅርታ ጋር እዚህ ላይ አልስማማም።

ገዢው የሚገዛው ምኑን ነው? ቢሮውን አይደለም፣ ቢሮው ኪራይ ነው። ጨረታው የሚካሄድበትን ማሽን ከሌላ ቦታም ያገኛል። የሚገዛው የእኛን ገጾች ነው። በትክክል ልንገራችሁ የት እንዳሉ። ብሎጋችን ላይ አድስ ዶት ቲኤክስቲ የምትባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። የማስታወቂያው ኢንዱስትሪ በ2017 ነው ያመጣት፣ ማጭበርበርን ለመከላከል። እዚያ ላይ የእኔን የማስታወቂያ ቦታ መሸጥ የተፈቀደለት ማን እንደሆነ ተዘርዝሯል። ስሙ እዚያ የሌለ ሻጭ የእኔን ገጽ ይዞ ጨረታ ቢገባ ብዙዎቹ የማስታወቂያ ቦታ ገዢዎች አይነኩትም። ያቺ ፋይል ያለችው ደግሞ በእኔ ቤት ነው፣ በእኔ ሰርቨር ላይ። የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ የማጠፋትም እኔ ነኝ። ውል ስላለ ዛሬ ማታ ተነስታችሁ አጥፉ አልልም። ግን የዚህ ድርጅት ዋጋ የተንጠለጠለው እነዚያ መስመሮች በየቤታችን በመቆየታቸው ላይ ነው። አንድ ሰው ቢወጣ አይሰማቸውም። 40 ሰው አንድ ደብዳቤ ላይ ፈርሞ ሲጠይቅ ግን ሻጩ መመለስ አለበት፣ ምክንያቱም ገዢውም ያንኑ ነው የሚጠይቀው፦ «ጸሐፊዎቹ ይቆያሉ ወይ?»

ደብዳቤውን አዘጋጅቻለሁ። አንድ ገጽ ነው። ስድብ የለበትም፣ ማስፈራሪያም የለበትም። እስከ ሽያጩ ቀን ድረስ ያልተከፈለንን ውዝፍ እንዲከፍሉን፣ ወይም ገዢው ዕዳውን በስሙ እንዲረከብ ይጠይቃል። ባለቤት ሲለወጥ ሳንቀጣ መውጣት እንድንችልም ይላል፤ የአሁኑ ውላችን ለመውጣት 90 ቀን ያስጠብቃል፣ እነሱ ግን ውሉን ለፈለጉት ሰው ማስተላለፍ ይችላሉ። ስድስተኛው አንቀጽ ነው፣ እቤት ስትገቡ እዩት። የአንባቢዎቻችንን መረጃም አንስቻለሁ። የኔ አንባቢዎች ስለ እንጀራ ሊጠይቁኝ ኢሜይላቸውን የሰጡት ለእኔ ነው።

ፈረማችሁም አልፈረማችሁም ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ኔትወርኩ ላይ ሂሳባችሁን የምታዩበት ገጽ ላይ ግቡና ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያለውን የገቢ ሪፖርት በሙሉ አውርዱ። የውሉን ቅጂ፣ የክፍያ ኢሜይሎቹን፣ ያልተከፈለው ሂሳብ የሚታይበትን ገጽ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ አይደለም፣ ሌላም ቦታ። ገዢው ከመጣ በኋላ ያ ገጽ እንደማይከፈት ቁጠሩ። እንዴት እንደሚወርድ ያልገባው ካለ ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ። እኔና እዚህ ፊት ያለችው እህቴ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እዚህ ነን።

ደብዳቤው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንብባችሁ የማይዋጥላችሁ መስመር ካለ ሰርዙና አጠገቡ ጻፉ፣ ረቡዕ ከመላኬ በፊት አስተካክለዋለሁ። ቡናውም ደረሰ መሰለኝ። ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእርስዎ ልስማ።